የጥድ ሽታ የናፈቀው አናጢ

ሰፈሩ «አነፍናፊው» የሚለውን አናጢ ዓይኑን በመሀረብ አስራችሁ ጣውላ ብታስጠጉት፣ ጥድ ይሁን ባሕር ዛፍ፣ ዘንድሮ ይቆረጥ አምና፣ ቁጭ አድርጎ ይነግራችሁ ነበር። ውሻ ነው እንዴ ብለው የሳቁበት ሁሉ አፍረው ተመልሰዋል። ለእሱ ግን ጨዋታ ብቻ አልነበረም። ጠዋት ጥድ ላይ መላጊያውን አንዴ ገፋ ሲያደርግ የሚነሳው ሽታ ከሌለ ቀኑ የጀመረ አይመስለውም።

ታዲያ ያ ሽታ ጠፋ። መጀመሪያ አፍንጫው ተዘጋ፤ ቀጥሎ ጉንጩና ግንባሩ ውስጥ ድንጋይ የተቀበረ ይመስል ከበደው። አናጢ አይደል፣ በሰጋቱራው አሳበበ። የሙያ ጓደኞቹም አንድ ሳይቀር ሰጋቱራ ነው አሉት፤ ሁሉም ሲያስነጥሱ የኖሩ ናቸው። አፍና አፍንጫውን በጨርቅ ሸፈነ፣ መስኮት ከፈተ፣ ወር ሙሉ ሥራ አቆመ። ወይ ፍንክች። ለስኳር ሕመሙ የታዘዘለትን ኪኒን «ደህና ነኝ» ብሎ ከተወው መክረሙን ግን ለማንም ትንፍሽ አላለም።

ሚስቱ ጎትታ ሐኪም ቤት ወሰደችው። ሐኪሟ ደሙን አስመርምራ፣ አፍንጫውን በመብራት አይታ፣ ሰጋቱራውን ትታ ስለ ስኳሩ ጠየቀችው። ስኳር ሲጨምር ሰውነት ኢንፌክሽን የመመከት ጉልበቱ እንደሚደክም፣ ፊት አጥንት ውስጥ ባሉት ክፍተቶች፣ ሳይነስ በሚባሉት፣ የያዘው መግልም አልወጣ ብሎ እንደሚከርም አስረዳችው። እሱ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«የጥዱ ሽታ ይመለስልኛል?»

«ስኳርዎን ይቆጣጠሩ፣ መድኃኒቱን ይጨርሱ፤ ምናልባት። ቃል ግን አልገባልዎትም።»

መግሉ ለቀቀ፣ ጭንቅላቱም ቀለለው። ሽታው ግን የለም። በየማለዳው ኪኒኑን ውጦ ጥድ ይልጋል፣ ፍቅፋቂውን አፍንጫው ላይ ይደቅናል፤ ውሃ እንደማሽተት ነው። ከዚያ ለሚስቱ ያቀብላታል። የእንጨት ሽታ ራሴን ያመኛል ስትል የኖረች ሴት፣ አሁን ዓይኗን ጨፍና ትነግረዋለች፤ አንድ ቀን እንደ እናቴ ሣጥን፣ ሌላ ቀን ዝናብ እንዳባራ ደጅ ትለዋለች። ሲሰለቻት ደግሞ «ኧረ ሰውዬ፣ እንጨት እንጨት ይላል» ብላ ትገላገለዋለች። እሱ ከሩቅ አገር የመጣ ደብዳቤ የሚነበብለት ይመስል ያዳምጣታል።

ሕክምናውን ከጀመረ በአራተኛው ወር፣ ወንበር ሊያጣብቅ የኮላ ጣሳ ሲከፍት፣ እንደ ጎረቤት ሬዲዮ ራቅ ብሎ አንድ የሚከረፋ ነገር መጣበት። ጣሳውን እንደ ሕፃን አቅፎ ቆሞ ቀረ።

«ምን ሆንክ?» አለችው ሚስቱ ደንግጣ።

«ይከረፋል» አላት፣ እንባው ግጥም ብሎ።

ወዲያው ተጣድፎ ጥድ ላገ፣ አሸተተ። ምንም።

ሚስቱ ፍቅፋቂውን ከእጁ ወሰደችና፣ ሳይጠይቃት፣ እያሸተተች ትነግረው ጀመር።