ቃል አለስላሹ

ደብረ ታቦር፣ ከአንድ መሥሪያ ቤት አጥር ጎን ባለች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ፣ ማመልከቻ የሚተይብ ሰው አለ። በጠራራ ፀሐይ እንኳ ኮቱን እስከ አንገቱ ይቆልፋል፤ ከመተየቡ በፊት የቁልፍ ሰሌዳውን በመሐረብ ይወለውላል። በኮምፒውተሩ ላይ ራሱ የሠራው ትንሽ ፕሮግራም አለ። ባለጉዳይ የተናገረውን ተይቦ ኮፒ ሲያደርግ ፕሮግራሙ ጽሑፉን ያነብና ሻካራውን ቃል ሁሉ ይለውጣል፤ ፔስት ሲደረግ የሚወጣው የለሰለሰው ነው። «ሰረቀኝ» ያለ ሰው «ሳያስፈቅዱኝ ተዋሱኝ» በሚል ወረቀት ላይ ይፈርማል።

ባለፈው ማክሰኞ ከጋፋት የመጡ አንዲት አሮጊት ማሳቸውን የቀማቸውን ጎረቤት ሊከሱ ከፊቱ ተቀመጡ። ተይቦ ሲጨርስ አነበበላቸው፦

«ጎረቤቴ የገብስ ማሳዬን በማረስ ስለተባበሩኝ...»

«ምን? ቀማኝ አልሁህ እንጂ አገዘኝ አልሁህን?»

«እኔ አልነካሁትም፣ እናቴ። ፕሮግራሙ ነው።»

«ፕሮግራሙን ማን ወለደው?»

ዓይኑን ወደ ጠረጴዛው መለሰ። ፍርሃቱን ለማሽን ያስተማረ ሰው በማሽኑ ሊያሳብብ አይችልም። ከጠረጴዛው መስታወት ሥር ከቀድሞ መሥሪያ ቤቱ የተሰናበተበት ደብዳቤ ይታያል፤ «በሪፖርታቸው ላይ ‹ሰረቁ› የሚል ቃል በመጠቀማቸው» ይላል።

ፕሮግራሙን ዘጋ። «ቀማኝ» የሚለውንም በአንድ ጣቱ ፊደል በፊደል መታ። ወረቀቱ ታትሞ ሲወጣ ግን የጸሐፊው፣ የራሱ፣ ስም ያለበትን ግርጌ በመቀስ ቆርጦ ኪሱ ከተተ።

አሮጊቷ እውነታቸውን ይዘው ወደ መሥሪያ ቤቱ ገቡ። የእርሱ ድፍረት ግን ስሙን እዚህ ታሪክ ላይ ለማስጻፍ አልበቃም።