የቀበቶው አራተኛ ቀዳዳ

ጫማ ሰፊው ክሩን ሰም እየቀባ ቀና ሲል ከመንገዱ ማዶ ያለችውን ዳቦ ሻጭ አያት። ቄሱ የዕለቱን አንድ ዳቦ ገዝተው፣ ዝናብ ይመጣ እንደሆነ ሰማዩን ሲያዩ፣ ሴትዮዋ ሌላ ዳቦ ብድግ አድርጋ የጨርቅ ቦርሳቸው ውስጥ ሸጎጠች። ከዚያ ምንም እንዳልሠራ ሰው ባንኮኒዋን ትወለውል ጀመር።

ሰፈሩ ይህን ጫማ ሰፊ ወስፌ ይለዋል። ወስፌ ቆዳ የሚበሳበት መሣሪያው ነው፤ ስሙ የወጣለት ግን በምላሱ ነው፤ ይወጋል። ቄሱ ራቅ እንዳሉ መንገዱን ተሻገረ።

«መስረቁ አንሶ መስጠቱም በድብቅ ሆነ?»

«ቀስ በል፣ እንዳይሰሙህ። በግልጽ ብሰጣቸው ‹ለተቸገረ ስጪው› ብለው ይመልሱልኛል።»

«እሳቸው ሞልቶላቸዋል?»

«እኔ ምን አውቄ? ምእመናን ቤት እየዞሩ ይበላሉ ይባላል። ቦርሳቸውን ሳነሳው ግን ውስጡ ምንም የለም።»

ወስፌ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ነገሩ ግን እንደ እሾህ ተሰንቅሮ ሲቆረቁረው ዋለ።

በዚያች የቆርቆሮ ኪዮስክ ሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጧል። የሰውን ጠባይ ከፊቱ ይልቅ ከጫማው ያነባል። ሰካራም ተረከዙን በአንድ ጎን ይጨርሳል፤ ኩሩ ሰው ሶሉ ሳያልቅ ቀለሙ ያስጨንቀዋል። የቄሱ ጫማ ቀድሞ የሚሳሳው ከላይ፣ ጣቶቹ ላይ ነው። ተንበርክኮ የሚውል ሰው ጫማ እንደዚያ ነው። ደግሞም ወስፌ የእኚህን ሰው ውለታ አይረሳም። ሚስቱ ቀዶ ሕክምና አድርጋ በተኛች ጊዜ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ አብረውት ተቀምጠዋል። እሳቸው የራሳቸውን ሚስት ከቀበሩ ወዲህ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ለብቻቸው ይኖራሉ።

ከሰዓት በኋላ ቄሱ ወደ ኪዮስኩ መጡ። አንድ አሮጌ ቦት ጫማና ቀበቷቸውን ይዘው ነበር፤ ሱሪያቸውን በሲባጎ አስረውታል።

«የኔ ልጅ፣ ለቀበቶው አንድ ቀዳዳ ጨምርልኝ። ለቦት ጫማውም ሶል አድርግልኝ፤ ለሰኞ ይድረስ።»

«ቦት ጫማ ለምንዎ ነው አባ?»

«መጋዘን ጥበቃ ቀጥረውኛል። ቀኑን ሙሉ መቆም ነው አሉ። እሑድ እሑድ እየመጣሁ እቀድሳለሁ፤ የታመመውን ግን ሌላ ሰው ይጠይቅ እንግዲህ።»

ወስፌ ቀበቶውን ገለበጠው። ከፋብሪካ ከወጣበት ቀዳዳ ሌላ ሦስት አለው፤ ሦስቱም የራሱ እጅ ሥራ ናቸው። የመጀመሪያውን ሲበሳ «አባ፣ ጾሙን በረቱበት» ብሎ ቀልዶ ነበር። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ሲበሳ ምን እንዳለ ትዝ አይለውም።

«ምሳ በልተዋል?»

«አዎ፣ አሁን ከአስተማሪዋ ቤት መምጣቴ ነው። ጠግቤያለሁ።»

የአስተማሪዋ ጫማ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። ከከተማ ከወጣች ሦስት ቀኗ ነው፤ «ስመለስ እወስደዋለሁ» ብላ ትታው የሄደችው ለእሱ ነው። ወስፌ ቀበቶውን ጠቅልሎ ከቦት ጫማው አጠገብ አስቀመጠው።

በማግስቱ ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የምእመናኑ ስብሰባ ነበር። ቄሱ አልነበሩም፤ ታማሚ ሊጠይቁ ሄደዋል። ለመቅደሱ የታሰበው የመጋረጃ ጨርቅ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ፣ ቀዩ ይሻላል ሰማያዊው ይሻላል እየተባለ ሲከራከሩ ወስፌ ገባ። ቀበቶውን ጨርቁ ላይ ጣለው።

«አባ መጨረሻ ጊዜ የበሉት የማን ቤት ነው?»

ሊቀመንበሩ የብረታ ብረት ነጋዴው ናቸው። መነጽራቸውን ከፍ አደረጉ። «ይሄ ከመጋረጃው ጋር ምን አገናኘው?»

«ይመልሱልኝ ጋሼ።»

«እኛ ቤት ሐሙስ መጥተው ነበር። ሾርባ ብናቀርብላቸው ‹ከልብስ ሰፊዋ ቤት በልቼ ነው የመጣሁት› አሉ።»

«እኔ ጋ?» አለች ልብስ ሰፊዋ። «እኔንማ ነዳጅ ቀጂው ቤት ጠግቤ ወጣሁ ነው ያሉኝ። ሻይ እንኳ በመከራ ነው የቀመሱልኝ።»

ሁሉም ወደ ነዳጅ ቀጂው ዞረ። ሰውየው አንገቱን አከከ።

«እኛን ደግሞ ከጋሼ ቤት በልቼ ነው የመጣሁት አሉን» አለ፣ ሊቀመንበሩን እያየ።

አንድ ሰው ሊስቅ ጀምሮ ተወው።

«እንግዲህ ይኸው» አለ ወስፌ። «አንዱ ጋ ሲሄዱ ሌላው ጋ በልቻለሁ ይላሉ፤ እኛም ደስ ብሎን ድስታችንን እንከድናለን። ሌላው አብልቷቸዋል እያልን አንድ ሽማግሌ በረሃብ ልንገድል ነው። ከሰኞ ጀምሮ መጋዘን በር ላይ ሊቆሙ ነው፤ ይህን ታውቃላችሁ?»

«ካህን በእምነት ነው የሚኖረው» አሉ ሊቀመንበሩ። «ደግሞ ከቸገራቸው አይናገሩም? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።»

«በእምነት የሚኖሩትስ እሳቸው ናቸው። እኛ በምን እንኑር፣ በመጋረጃ? አባትዎ ራበኝ ብለው እስኪለምኑዎት ይጠብቃሉ ጋሼ? ልጅ ሲወለድ አባ ይጠሩ፣ ሰው ሲሞት አባ ይጠሩ፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ አባ ይጠሩ። ምሳ ሲደርስ ግን አባ የሉም።»

«ምላስህን ሰብስብ። አንተስ ምን አደረግህ?»

ወስፌ ቀበቶውን አንስቶ ወደ መስኮቱ አዞረው። ብርሃኑ በሦስቱ ቀዳዳዎች ዘለቀ።

«እኔማ የባሰብኝ ነኝ። እነዚህን የበሳሁት እኔ ነኝ። ሆዳቸው ሲሟሽሽ በእጄ እየለካሁ ቀለድኩ። አራተኛውን ግን አልበሳም። ቦት ጫማውንም አልሰፋም፤ ባዶ እግሩን የመጣ ዘበኛ የሚቀጥር ካለ አያለሁ።»

ልብስ ሰፊዋ መጋረጃውን አጣጠፈችና ከጠረጴዛው አነሳችው። ሊቀመንበሩ «ለሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ ይያዝ» ሲሉ፣ «እስከዚያ በምን ይቆዩ?» አለቻቸው።

እኔም በዚያ አዳራሽ የኋላ ወንበር ላይ ነበርኩ። ከስብሰባው በፊት የሆነውን ያጫወተኝ ራሱ ወስፌ ነው። ስንወጣ ደጅ ላይ ጠብቆ ክንዴን ያዘኝ፤ ንዴቱ ገና አልበረደለትም።

«ወንድሜ፣ አንተ መጻፍ ትወዳለህ። እያንዳንዱ ቤት አባን የሚያበላበትን ተራ በትልልቁ ጻፍልኝ፤ የአዳራሹ በር ላይ እለጥፈዋለሁ። ከላዩ ላይ ‹በልተዋል ወይ ብላችሁ አትጠይቋቸው፤ አቅርባችሁ አብራችኋቸው ብሉ› በልበት። የነገውን ተራ ደግሞ በራስህ ቤት ጀምርልኝ። አንተም ከኋላ ሆነህ ዝም ብለህ ነበር፤ አይቼሃለሁ።»