የተውሶ መጻሕፍት

እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ ተማሪ አልነበረም። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ከቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ ተቀምጣ፣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ እያደረገች «እሽሽ!» ስትል ስለኖረች፣ ልጆቹ «እትዬ እሽሽ» አሏት። መምህራኑም ተከተሏቸው፤ ስሙ በዚያው ጸና።

ወደዚያ ትምህርት ቤት የገባችው መጥረጊያ ይዛ ነው። ክፍል ስትጠርግ፣ መስኮት ስትወለውል ከርማ በማታው ትምህርት አሥረኛን ጨረሰች። አንድ ቀን የያኔው ዳይሬክተር፣ የመጻሕፍት አቧራ እንድታራግፍ የላካትን ሴት መደርደሪያ ተደግፋ ስታነብ አገኛት። ሊቆጣ ነው ብላ ስትደነግጥ፣ «ታዲያ እኔ ሰው ፍለጋ ለምን እደክማለሁ?» ብሎ የቤተ መጻሕፍቱን ሥራ ሰጣት። ያን ቀን እንደ ሙሽራ መሬቱ አልበቃት ብሎ ነበር። ባሏ ሲሞት፣ ሴት ልጇን ብቻዋን ስታሳድግ፣ ዓይኗ ደክሞ መነጽር ሲለምድ፣ ያቺ ጠባብ ክፍል አልተለየቻትም።

በሌላ ትምህርት ቤት ያለ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ልጆች የተዋሱትን ይመዘግባል፤ እሷ ያጡትንም ትመዘግብ ነበር። አንድ ልጅ መጥቶ «እትዬ፣ ስለ ከዋክብት የሚያወራ መጽሐፍ አለ?» ሲላት፣ «የለም» ብላ ብቻ አትሸኘውም። «ቆይ፣ ልጻፍልህ» ትላለች። ቀን፣ ክፍል፣ የተጠየቀው ነገር። የአምስተኛ ሀ ልጅ፣ መርከብ ለምን እንደማይሰምጥ። የሰባተኛ ለ ልጅ፣ ሰው ሲደነግጥ ልቡ ለምን እንደሚመታ። ደብተሩ ሲነበብ ዜማ ያጣ የዘፈን ግጥም ይመስላል።

በዚያ ከተማ ሁሉም የሚያውቀው፣ ማንም የማይናገረው አንድ ልማድ ነበር። የትምህርት ተቆጣጣሪዎች ደረጃ ሊሰጡ በየትምህርት ቤቱ ሲዞሩ፣ መጻሕፍትም ከፊት ከፊታቸው በጋሪ ይዞራሉ። ሰኞ አንዱ ትምህርት ቤት፣ ረቡዕ ሁለተኛው፣ ዓርብ ሦስተኛው። ያው የታሪክ መጽሐፍ በአንድ ሳምንት ሦስት ቦታ ይቆጠራል። እትዬ እሽሽም ከደሙ ንጹሕ አልነበረችም። ባለፈው ዓመት ራሷ ከጋሪው አውርዳ፣ ራሷ ደርድራ፣ ራሷ ፈርማለች።

ከዚያ በኋላ ደብተሯን በብብቷ ይዛ፣ መጻሕፍት ልትጠይቅ ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄደች። ከመስኮቱ ጀርባ ያለው ጎልማሳ ወረቀት አገላበጠና፣

«የእናንተ እኮ አንድ ሺህ ሁለት መቶ መጽሐፍ አለው» አላት። «ደረጃ ሦስት ናችሁ። የመንግሥት በጀት የሚሄደው ከዚያ በታች ላሉት ነው። እንኳን ደስ ያላችሁ!»

«ማነው የቆጠረው?»

«እናንተው ናችኋ!» ብሎ ወረቀቱን አዞረላት። ፊርማው የሷ ነበር።

ወደ ቤቷ ስትመለስ መንገዱ አላልቅ አላት። መንግሥት ሩቅ ነው፣ አይሰማም ስትል ኖራለች። መንግሥት ግን እዚያ መስኮት ውስጥ የሷን የእጅ ጽሑፍ አምኖ ተቀምጦ ነበር። ከዋክብትን የጠየቀውን ልጅ የነፈገችው ራሷ ናት።

ዘንድሮ ተቆጣጣሪዎቹ ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ ልብስ እያጠበች ታንጎራጉር ጀመር፦

የሰው ልብስ ለብሼ አምሬ ከምታይ፣
ብርዱ ይፍጀኝ እንጂ አልወጣ አደባባይ።

«እማ፣ ዘፈን ጀመርሽ! ምን አስበሻል?» አለች ልጇ። የእናቷን ዜማ ታውቀዋለች፤ እልህ ሲይዛት ብቻ ነው የሚወጣው።

«ምንም። ነገ በሩን አልከፍትም።»

«ጡረታሽ ሁለት ዓመት ብቻ ቀርቶት? ከዚያ ቤት ካባረሩሽ ምን ይውጥሻል? በሐሳብ ትሞችብኛለሽ እኮ!»

«ዋሽቼ ከምቀመጥበት፣ ያባሩኝ» አለችና ሸሚዙን ጨምቃ ሰጠቻት።

በማግሥቱ ጠዋት ጋሪው ሲደርስ በሩ ተቆልፏል። እሷ ወንበሯን ደፉ ላይ አስቀምጣ ተቀምጣለች። ዳይሬክተሩ እየሮጠ መጣ። ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ቀጭን ሰው ነው፤ በልጅነቱ እዚያው ቤተ መጻሕፍት ወለል ላይ ተንጋሎ ሲያነብ ያደገ።

«እትዬ፣ ይክፈቱልና! እንግዶቹ ሦስት ሰዓት ላይ ይደርሳሉ።»

«ይድረሱ። ቤቱ ተጠርጓል።»

«ቤቱ ባዶ ነው!»

«ባዶውንም ጠርጌዋለሁ።»

ባለጋሪው ሳቁ አመለጠው። ዳይሬክተሩ ገረመመውና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እትዬ፣ እባክዎ። ደረጃችን ከወረደ እኔን ከላይ ሆነው ይጠብሱኛል። እርስዎንም አልምርዎትም፤ ከዚህ ትምህርት ቤት የሚያስነሳ ደብዳቤ ነው የምጽፍብዎ።»

«ጻፍ ልጄ። የእጅ ጽሑፍህ ድሮም ያምራል።»

«ሁሉም እኮ የሚያደርገው ነው!»

«ሁሉም ባዶ የቀረው ለዚያ ነዋ! አንተ እዚህ ተንጋለህ ያነበብከው የተውሶ ነበር? ያን ጊዜ ‹የለንም› ብሎ የጻፈ ሰው ስለነበረ ነው የመጣልህ።»

ዳይሬክተሩ ሰዓቱን አየ። «ላውርደው ወይስ ልመልሰው? ክንዴ ዛለ እኮ!» አለ ባለጋሪው። ያኔ የመኪና ጥሩምባ ከግቢው በር ተሰማ። ጋሪው ተጣድፎ ከመጸዳጃ ቤቱ ግድግዳ ጀርባ ተደበቀ።

ተቆጣጣሪዋ መነጽሯ አፍንጫዋ ላይ የወረደ፣ ጥያቄዋ አጭር የሆነ ሴት ነበረች። እትዬ እሽሽ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችላት። አሥራ ስድስት መደርደሪያ፣ ዘጠና አራት መጻሕፍት።

«ባለፈው ዓመት ሺህ ሁለት መቶ ይላል። የት ገቡ?»

«ሄዱ። ረቡዕ የሚጎበኙት ትምህርት ቤት ያገኟቸዋል፤ ሰላም ይበሉልኝ።»

የተቆጣጣሪዋ እስክሪብቶ ቆመ። ዳይሬክተሩ ጣሪያውን አየ።

«ይህ ፊርማ የማን ነው?»

«የኔ። አምና ዋሽቼ ነው የፈረምኩት። ዛሬ ደግሞ እውነቱን ልፈርም።»

«የሚያስከትለውን ያውቃሉ?»

«ያስከተለውን ነው የማውቀው» ብላ ደብተሯን ገለጠች።

«ቅጹ የሚጠይቀኝ ያለውን እንጂ የጎደለውን አይደለም» አለች ተቆጣጣሪዋ፣ እንደማዘን ብላ። «መጻፊያ ቦታ የለውም።»

«እንግዲያው እርስዎ ያለውን ይጻፉ። የጎደለውን እኔ አነብልዎታለሁ።»

አነበበችም። ያ ለሹክሹክታ የለመደ ድምፅ ከፍ እያለ፣ እየጠራ ሄደ። ከዋክብቱን፣ መርከቡን፣ የደነገጠውን ልብ፣ አራት መቶ አሥራ ሁለት ጥያቄ አንድ በአንድ ጠራች። ለዕረፍት የወጡ ተማሪዎች መስኮቱ ላይ ተንጠለጠሉ። አንዷ ልጅ «ይሄ የኔ ነው! እኔ ነኝ የጠየቅኩት!» ብላ ጮኸች፤ ዝም በይ ያላትም የለም። ተቆጣጣሪዋ መነጽሯን አውልቃ እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ «ዘጠና አራት» ብላ ጻፈች፤ ከቅጹ ጠርዝ ላይም፣ መስመር በሌለበት፣ በደቃቁ የጎደለውን ጨመረች።

ከአንድ ወር በኋላ ሁለት ደብዳቤዎች መጡ። የመጀመሪያው ትምህርት ቤቱ ወደ ደረጃ ሁለት መውረዱን፣ በዚህም ምክንያት መጻሕፍት ከሚታደሉት መካከል መግባቱን ይናገራል። ሁለተኛው የሷ ነበር። ትእዛዝ ባለመቀበሏ ተቀጥታ፣ ያው በተውሶ መጻሕፍት ወደሚቆጠረው፣ ጋሪው ወደመጣበት ትምህርት ቤት ተዛውራለች።

ዳይሬክተሩ ወረቀቱን ሲሰጣት ዓይኗን ማየት አቃተው። «እትዬ፣ እኔ እኮ...»

«ተወው። መጻሕፍቱ ሲመጡ ፀሐይ የሚመታው መደርደሪያ ላይ አታስቀምጣቸው፤ ይገረጣሉ።»

መነጽሯን ወልውላ ደብዳቤውን እንደገና አነበበችና፣ ከሥሩ «ደርሶኛል፤ አልተጸጸትኩም» ብላ ፈረመች።

«ይሄ እኮ ማኅደርዎ ውስጥ ነው የሚገባው!»

«ይግባ» አለች ቦርሳዋን እያነሳች። «ይልቅ እስቲ ንገረኝ፤ ተቆጣጣሪዎቹ አዲሱ ትምህርት ቤቴ ዳግም የሚመጡት መቼ ነው?»