የእትዬ አስካለ እጅ

ባለፈው ረቡዕ ከሜክሲኮ ወደ ልደታ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ጥግ ይዤ ተቀምጬ ነበር። ዝናብ ስለነበረ መስኮቶቹ ሁሉ ተዘግተው የሰው ትንፋሽ መስታወቱን ሸፍኖታል። ሾፌሩ የከፈተው ሬዲዮ ዜና ያሰማል። የት እንደሆነ በደንብ ያልሰማሁት አንድ ጉባኤ አንድ ነገር በሙሉ ድምፅ አጽድቆ ተበትኗል። ከፊቴ ያሉት ሁለት ሴቶች ስለ ሽንኩርት ዋጋ ያወራሉ፤ ዜናውን ያዳመጠ ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔ ግን ሐሳብ ይዞኝ ሄዶ መውረጃዬን አለፍኩት። በጭቃው ላይ እየተንሸራተትኩ በእግሬ ስመለስ የማስበው ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት በአንድ ስብሰባ ላይ ስለተነሳ አንድ እጅ ነበር።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። እናቴ ታማ ሥራ መያዝ ስለነበረብኝ ከስምንተኛ ክፍል በኋላ ትምህርት አልቀጠልኩም። ቤታችን ጌጃ ሰፈር ነበር። ሥራዬ ደግሞ ልደታ ኮንዶሚኒየም የሦስት ሕንፃ ደረጃ መጥረግና መወልወል። ደረጃ መወልወል እንደ እኔ ላለ ሰው ጥሩ ሥራ ነው። ጎንበስ ብለሽ ስትሠሪ የምታዪው የሰው እግር ነው፤ «በርቺ» ብሎ ከማለፍ ሌላ የሚያናግርሽ የለም። ትምህርት ቤት እያለሁ መልሱን እያወቅኩ እንኳ ስሜ ሲጠራ አንገቴን ላብ ያጠምቀኝ ነበር። ድምፄ እስኪመጣ መምህሩ ወደ ሌላ ልጅ ይሄዳል።

በግቢው መሀል ነዋሪው ኮሙናል የሚለው የጋራ መገልገያ ቤት አለ። ከፊት አግዳሚ ወንበሮች የተደረደሩበት አዳራሽ፣ ከኋላ ደግሞ ጣሪያ ያለው፣ የሲሚንቶ ገንዳና ቧንቧ የተሠራለት ልብስ ማጠቢያ ነበረው። እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ውስጥ የጎልማሶች ትምህርት ይሰጣል። አስተማሪው ጋሽ በላቸው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት በጡረታ የወጡ፣ ጠመኔያቸውን በመሀረብ ጠቅልለው በኪሳቸው የሚይዙ ሰው ናቸው። የሚያስተምሩት በነጻ ነበር። እኔ መጀመሪያ የሄድኩት አዳራሹን ልጠርግ ነው። ዝናብ ያዘኝና ከኋላ ወንበር ተቀመጥኩ፤ በሚቀጥለው እሁድ ዝናብ ሳይኖርም ተቀመጥኩ።

ጋሽ በላቸው መንግሥትን የሚያስተምሩት በእድር ነበር።

«የእድሩን ደንብ ማን ያወጣዋል?» ብለው ይጠይቃሉ።

«ጠቅላላ ጉባኤው።»

«ድንኳኑን የሚያስተክለውስ?»

«ኮሚቴው።»

«ኮሚቴው ድንኳኑን ለገዛ ዘመዱ ሠርግ ቢሰጥስ?»

አብነት የልብስ ስፌት ቤት ያለው የግቢው ነዋሪ ሰይድ ከጥግ መለሰ፦ «እኔም ሠርጉ ላይ ከተጠራሁ ዝም ነው።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ጋሽ በላቸውም ሳቁ፤ ከዚያ ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው መለሱና «እንግዲህ አገር የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው» ብለው ሕግ አውጪ፣ ሕግ አስፈጻሚ፣ ሕግ ተርጓሚ ብለው ጻፉ። ሌላ ቀን በፍልሰታ የእንቁላል ዋጋ ለምን እንደሚረክስ፣ የቦዩ ክዳን በማን ግብር እንደተገዛ አስረድተውናል። እኔ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። ደብተሬ ላይ ግን በጥንቃቄ እጽፍ ነበር።

ፊት ወንበር ላይ ከማይጠፉት አንዷ እትዬ አስካለ ነበሩ። ሃምሳ ዓመት አልፏቸዋል። የድሮ ቤታቸው ሲፈርስ በምትኩ አራተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ስቱዲዮ ደርሳቸው ብቻቸውን ይኖራሉ። የሚተዳደሩት በኮሙናሉ ማጠቢያ የሰው ልብስ እያጠቡ ነው። በበጋ የትም ይታጠባል፤ በክረምት ግን ከዚያ ጣሪያ ሌላ ልብስ የሚደርቅበት ቦታ አልነበራቸውም። እስከዚያ ዓመት ድረስ በየወረቀቱ ላይ የሚያኖሩት የጣታቸውን አሻራ ነበር። ስማቸውን መጻፍ የተማሩት ከጋሽ በላቸው ነው። ሲጽፉ የሸሚዝ ኮሌታ እንደሚያጥቡ ነበር፤ ተጭነው፣ ተጭነው፣ ከዚያ ቀና ብለው ያዩታል።

በሐምሌ የተማርነው ስለ ስብሰባ ነበር። «ስታወጡት እጃችሁ ይቆጠራል፤ አንድ እጅም ቢሆን» አሉን። ቀጥለው ቃለ ጉባኤ እንዴት እንደሚያዝ ሰሌዳው ላይ ናሙና ጻፉልን። ቀኑ፣ ቦታው፣ የተገኙት፣ አጀንዳው፤ በመጨረሻም «ተሰብሳቢዎቹ በጉዳዩ ላይ በሰፊው ከተወያዩ በኋላ በሙሉ ድምፅ ወስነው ስብሰባው ተዘግቷል» ይላል። ደብተሬ ላይ ገለበጥኩት። አምሮ ስለተጻፈ ጋሽ በላቸው ከፍ አድርገው ለሰው አሳዩት። ቤቴ ሄጄ በቃሌ እስክይዘው ጻፍኩት። ያቺን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር፣ ደብዳቤ «ከሰላምታ ጋር» ብሎ እንደሚያልቅ፣ ቃለ ጉባኤ ሁሉ የሚያልቅባት መስላኝ ነበር።

በነሐሴ መጀመሪያ፣ ጾሙ በገባ በመጀመሪያው እሁድ ጠዋት የነዋሪዎቹ ማኅበር ስብሰባ ጠራ። ጸሐፊው ለቅሶ ሄዷል። ሰብሳቢው አቶ ግርማ ደረጃ ላይ አገኙኝና «ስንዱ፣ ጽሕፈትሽ ያምራል አሉ፤ ዛሬ ቃለ ጉባኤ ያዢልን» አሉኝ። ለሥራው የቀጠሩኝ እሳቸው ናቸው። እምቢ የምልበት አፍ አልነበረኝም፤ ደግሞም ደስ ብሎኛል።

አጀንዳው አንድ ነበር። አንድ ነጋዴ ማጠቢያውን ለዕቃ ማከማቻ ሊከራይ ጠይቋል፤ ኪራዩ ለተበላሸው የውሃ ፓምፕ ማሠሪያ ይሆናል። አቶ ግርማ ክፉ ሰው አልነበሩም። ውሃ በየሦስት ቀኑ በሚመጣበት ግቢ ፓምፕ የሁሉም ችግር ነው። ግን የማኅበሩ ደንብ የጋራ ቦታ ለሌላ ሥራ የሚሰጠው በስብሰባው የተገኙት አባላት በሙሉ ሲስማሙ ብቻ ነው ይላል፤ ይህንንም ራሳቸው አነበቡት።

«የሚደግፍ» አሉ። እጅ ወጣ፤ ሠላሳ ምናምን። ሰይድ ከፋብሪካ ጨርቅ ሊያመጣ ሄዶ ያን ቀን አልመጣም።

«የሚቃወም» አሉ።

እትዬ አስካለ ከእኔ ቀጥሎ ነበር የተቀመጡት። እጃቸውን አነሱ። ሳሙና የበላው፣ ጣቱ ጫፍ ላይ የነጣ እጅ ነው።

«እትዬ አስካለ» አሉ አቶ ግርማ ለስለስ ብለው፣ «ያውርዱት እንጂ፤ የጋራ ጥቅም ነው።»

«የጋራ መሆኑን አውቃለሁ። እኔም ከጋራው ነኝ» አሉ እትዬ አስካለ። እጃቸው አልወረደም።

«የት ላጥብ ካሉ አንድ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ይግዙ» አለ አንድ ጎልማሳ ከኋላ፣ የተወሰኑት ሳቁ። ዝናቡ በጣሪያው ላይ በረታ። አቶ ግርማ ሰዓታቸውን አይተው «በቃ፣ ተመዝግቧል፤ እንፈርም» አሉ። እኔ ጎንበስ ብዬ እጽፋለሁ። እጁን አይቻለሁ። አላየሁም ማለት አልችልም። ግን ሰው ተነስቶ ቆሞ ሲጠብቀኝ ደነገጥኩ፤ እጄ የለመደውን ዓረፍተ ነገር ጻፈ፤ በሙሉ ድምፅ ወስነው ስብሰባው ተዘግቷል።

ወረቀቱ ሲዞር እትዬ አስካለ የአሻራውን ቀለም ገፋ አድርገው ብዕሩን ወሰዱ። በሕዝብ ፊት ሲፈርሙ የመጀመሪያቸው ነበር። ከስማቸው ሌላ ብዙ ማንበብ ገና አይችሉም። ጽፈው ሲጨርሱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ስንዱዬ፣ እጄን እንዳወጣሁ ጽፈሽዋል አይደል?» አሉኝ። ሰው ከላያችን ቆሟል። ራሴን ነቀነቅኩ።

በሳምንቱ ማጠቢያው በር ላይ ቁልፍ ተንጠለጠለ። እትዬ አስካለ አልተጣሉም፤ በተማሩት መሠረት አቤት ሊሉ ወደሚመለከተው ቢሮ ሄዱ። የተቀበላቸው ሰው ከፋይል ውስጥ ቃለ ጉባኤውን አውጥቶ አነበበላቸው። ፊርማቸውንም አሳያቸው። ኮፒውን ይዘው እሁድ ትምህርት ላይ መጡና ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ጋሽ በላቸው» አሉ፣ «እጅ ይቆጠራል ብለውኝ ነበር።»

ጋሽ በላቸው መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ላይ ሲደርሱ ዓይናቸው ቆመ። ቀና ብለው ወደ ሰሌዳው አዩ፤ የጻፉት ናሙና ግን ከሰሌዳው ከጠፋ ቆይቷል። ከኋላ ወንበር ላይ ሆኜ ወለሉ ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ። እትዬ አስካለ ወደ እኔ ዞር አላሉም። ያ ከሁሉም ባሰብኝ።

«ይህ የኔ ዓረፍተ ነገር ነው» አሉ ጋሽ በላቸው ቀስ ብለው። «ሌላ ዓይነት መጨረሻ እንዳለ ሳላስተምራችሁ ቀረሁ።» የዚያን ዕለት ሊያስተምሩ ያሰቡትን ትተው ሌላውን መጨረሻ አስተማሩን። ስንት ደገፈ፣ ስንት ተቃወመ፣ ስንት ዝም አለ ተብሎ እንዴት እንደሚጻፍ። ያለፈው ቃለ ጉባኤ በሚቀጥለው ስብሰባ እንደሚነበብና ስሕተት ካለበት እዚያው ሊታረም እንደሚችል። «ሆኖም» አሉ፣ ማንንም ሳያዩ፣ «ጸሐፊው ተነስቶ አዎ ተሳስቻለሁ ካላለ ማረም ከባድ ነው።»

የሚቀጥለው ስብሰባ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነበር። እነዚያን ሦስት ሳምንታት በደንብ አስታውሳቸዋለሁ። መንገዱ ላይ የሚጠበሰው በቆሎ ሽታ፣ የጎርፉ ድምፅ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ስደርስ የምወለውለው ያ በር። በሩ ሥር በፕላስቲክ ባልዲ የታጠበ ልብስ ይንጠባጠባል፤ ልብሱ በኮሪደሩ አልደርቅ ብሎ ይሸታል። አንድ ቀን አቶ ግርማ ሲወርዱ ቆም አሉና «ስንዱ፣ የማይመለከትሽ ነገር ውስጥ እንዳትገቢ፤ እናትሽን አስቢ» አሉኝ። እንደ ምክር ነበር የተናገሩት። እናቴን አሰብኩ። መድኃኒቷ የሚገዛው ደረጃ ወልውዬ በማገኘው ገንዘብ ነው።

በስብሰባው ቀን ቃለ ጉባኤው ተነበበ። «አስተያየት ያለው?» አሉ አቶ ግርማ። ተነሳሁ። አንገቴን ላብ አጠመቀኝ፤ ድምፄ አልመጣም። አቶ ግርማ ያላዩኝ መስለው ገጹን ሊገልጡ ሲሉ ሰይድ «ሰብሳቢ፣ ልጅቷ ቆማለች። እንጠብቃት» አለ።

ጠበቁኝ። እንደዚያ ተጠብቄ አላውቅም ነበር።

«በሙሉ ድምፅ አይደለም» አልኩ። «እትዬ አስካለ እጃቸውን አውጥተው ነበር። አይቻለሁ። አልጻፍኩትም።»

«ያን ጊዜ ምነው ዝም አልሽ?» አሉ አቶ ግርማ።

«ፈርቼ።»

አዳራሹ ውስጥ የሳቀ ሰው አልነበረም። አንድ ሽማግሌ «እጇን እኔም አይቻለሁ» አሉ፤ ቀጥሎ ሌላ ሰው፣ ቀጥሎ ሌላ። ለካ ያላየ አልነበረም። አቶ ግርማ መዝገቡን ወደ እኔ ገፉት። በገዛ እጄ ጻፍኩ፦ ወይዘሮ አስካለ ተቃውመዋል።

ከስብሰባው በኋላ እትዬ አስካለ መጥተው «የቱ ጋ ነው?» አሉኝ። አሳየኋቸው። ጣታቸውን ከሥሩ አድርገው የስማቸውን ፊደል አንድ በአንድ አነበቡ። ቁጣ አልነበረባቸውም።

«ይኸው ብቻ ነው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ያኔ ቢጻፍ ስንት ቀለም ይጨርስ ነበር» አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ።

ውሳኔው ተሻረ። ነጋዴው ግን የአንድ ዓመት ውል በእጁ ስለነበረ እስኪያልቅ ይጠበቅ ተባለ። እትዬ አስካለ ዓመት የሚጠብቁበት አቅም አልነበራቸውም። ልብሱ እየሸተተ ደንበኞቻቸው አንድ በአንድ ቀሩ። በጥር ስቱዲዮዋን አከራይተው ከተማው ዳር ወደምትኖር ልጃቸው ሄዱ። በሚቀጥለው ክረምት የማጠቢያው በር ሲከፈት የሚያጥብበት ሰው አልነበረም። እኔ ግን ከስብሰባው ብዙም ሳይቆይ፣ በዚያው መስከረም፣ ለደረጃው ሌላ ሰው ተገኝቷል ተብዬ ወጥቼ ነበር። ሰይድ አብነት ወዳለው ሱቁ ወሰደኝ። «ያን ያህል ሰው ፊት ከተናገርሽ የሸሚዝ ቁልፍ መትከል አያቅትሽም» አለኝ። እስከ ዛሬ የምበላው በስፌት ነው።

የሚያውቁኝ አንዳንድ ሰዎች ይህን ታሪክ ሲያነሱ ደፋር ነበርሽ ይሉኛል። እኔ እንደዚያ አላስበውም። ዛሬም ዓይን አፋር ነኝ፤ ዛሬም ሰው ሲበዛ አንገቴን ያልበኛል። መናገር የማይችል ሰው ሊጽፍ ይችላል፤ ያን ጊዜ ለእኔ የተሰጠኝ ሥራ ደግሞ መናገር ሳይሆን መጻፍ ነበር። በሰዓቱ ጽፌው ቢሆን ኖሮ በሚቀጥለው ስብሰባ መቆም ባላስፈለገኝ ነበር። ስለ መንግሥት ስለተማርኩት ሁሉ ስጠየቅ ሦስቱን ክፍሎች አሁንም አልረሳሁም። ከእነሱ በላይ ግን የማውቀው ይህን ነው፤ እትዬ አስካለ እጃቸውን ሲያነሱ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር፤ ብዕሩም በእኔ እጅ ነበር።