እትዬ እና የተናደው በረዶ

አክስቴ ካረፉ ሁለት ወር ሆናቸው። እትዬ ነበር የምንላቸው። ሰው ሲወድቅ ባዩ ቁጥር ራሳቸው የወደቁ ያህል «እኔን!» ይሉ ነበር። ሜልበርን፣ ዌስት ፉትስክሬይ የሚባል ሰፈር ያለው ቤታቸው በር ላይ ፖስተኛው ሲደናቀፍ እንኳ «እኔን ልጄ!» ብለው ከወንበራቸው ተነሡ። ሰውዬው ቃሉ ባይገባውም ፈገግ አለላቸው።

ባለፈው ዓመት ልጆቻቸው የአላስካ የመርከብ ጉዞ ቡክ አደረጉላቸውና አብሬያቸው ሄድኩ። መርከቡ ትልቁ የበረዶ ግግር ፊት ቆመ። ሁሉም ቪዲዮ ሊቀርጽ ስልኩን ደግኖ ይጠብቃል፤ እኔም እንደዚያው። ድንገት ነጎድጓድ የመሰለ ድምፅ ተሰማና ፎቅ የሚያህል በረዶ ተገንጥሎ ባሕሩ ውስጥ ወደቀ። ተሳፋሪው እየጮኸ አጨበጨበ። በዚያ ሁሉ መሀል እትዬ ብቻ «እኔን!» አሉ።

ከዚያ እጄን ያዙና፣ «አሁን ይሄ ተመልሶ ይጠገናል?» አሉኝ።

«አይ እትዬ፣ አይጠገንም።»

«ታዲያ ምን ያስጨበጭባቸዋል?»



ሜልበርን ከተመለስን በኋላ ታመሙ። ሆስፒታል ሐኪሟ የምትለውን የምተረጉምላቸው እኔ ነበርኩ። የመጨረሻ ቀን የነገረችኝን ግን በአማርኛ ማለት አቃተኝ። እሳቸው ከፊቴ ላይ አነበቡትና፣ «በቃ ተወው፣ አትጨነቅ» አሉኝ።

ትናንት ያንን የአላስካውን ቪዲዮ ከፈትኩት። «እኔን!» የሚለው ድምፃቸው ጥርት ብሎ ይሰማል። ፊታቸውን ፍለጋ ደጋግሜ አየሁት፤ የለም። አጠገቤ ቆመው ሳለ እኔ የቀረጽኩት በረዶውን ነው።