ሦስት መቶ አርባ ሰባት

ኮምቦልቻ አራተኛ ክፍል ሒሳብ ማስተማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ቤቴ ደሴ ስለነበር ጠዋት በሚኒባስ ወርጄ ከሰዓት እመለሳለሁ። የዚያን ቀን ትምህርቱ ቁጥርን ማጠጋጋት ነው። ሰሌዳው ላይ 347 ጻፍኩና ወደ መቶ እናጠጋጋው አልኩ። ሰባት ከአምስት ስለሚበልጥ መጀመሪያ 350 ይሆናል፤ አምስት ደግሞ ወደ ላይ ስለሚወስድ 400 ይሆናል ብዬ አስረዳሁ። እኔም በልጅነቴ እንደዚያ የተማርኩ ይመስለኝ ነበር።

መስኮት ስር የምትቀመጥ፣ እናቷ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚሠሩ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ለሦስት መቶ አይቀርብም? ከሦስት መቶ የሚርቀው በአርባ ሰባት ነው። አራት መቶ ለመድረስ ግን ሃምሳ ሦስት ይቀረዋል።"

ደንገጥ አልኩ። ክፍሉ ሙሉ ልጅ ያየኛል።

"እንግዲያው ነይና አንቺ አስተምሪያቸው፤ እኔ እዚያ ልቀመጥ" አልኳት።

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ወጥታ ሰሌዳው ላይ 400 ብላ እንድትጽፍ አደረግኋት። ጻፈች። በሳምንቱ ፈተና ላይ ግን እዚያው ጥያቄ ላይ 300 ብላ ጽፋ አገኘኋት፤ በቀይ ኤክስ አደረግኩበት።

የዚያን ዕለት ሚኒባሱ ወደ ደሴ የሚወስደውን የሐረጎን ዳገት ሲወጣ፣ አጠገቤ ለተቀመጡት አንጋፋ መምህር ነገሩን እንደ ቀልድ አወራኋቸው። አልሳቁም። ማጠጋጋት አንድ ጊዜ እንጂ በደረጃ እንዳልሆነ፣ መቶ ሲፈለግ አስር ቤቱ ብቻ እንደሚታይ፣ እዚያ ያለው አራት ደግሞ ወደ ታች እንደሚመልስ ነገሩኝ።

"ልጅቱ ልክ ናት" አሉኝ።

በማግስቱ የልጅቷ እናት መጡ። በቀጥታ ከፈረቃቸው የመጡ ስለነበር ሻሻቸው ላይ ብናኝ ጥጥ ተጣብቋል። ልጃቸው ትምህርት ቤት አልሄድም ብላ እንዳስቸገረቻቸው ነገሩኝና አንገታቸውን ደፉ።

"እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። አጥፍታ ከሆነ አፉ ይበሏት፤ ወላሂ ባለጌ ልጅ አይደለችም።"

ያጠፋሁት እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። "ግድ የለም፣ ይቅር ብያታለሁ" አልኩ። መርቀውኝ ሄዱ።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ "ዛሬ ቀለል ያለ መንገድ ላሳያችሁ" ብዬ ትክክለኛውን አስተማርኩ። ተሳስቼ ነበር አላልኩም፤ የፈተናዋን ውጤትም አላስተካከልኩም። ልጅቱ ተመልሳ መጥታለች፤ እጇን ግን ከዚያ ወዲያ አላወጣችም።

ወር ያህል ከራሴ ጋር ስሟገት ቆይቼ፣ በእረፍት ሰዓት ለብቻዋ ጠራኋትና ልክ እንደነበረች ነገርኳት።

"አውቃለሁ ቲቸር" አለች። "ለክፍሉ ልጆችስ ይነግሯቸዋል?" ስትል ጠየቀችኝ።

ነገ እነግራቸዋለሁ አልኳት። ነገ ሲደርስ ሌላ ምክንያት አገኘሁ፤ ከነገ ወዲያም እንደዚያው። ዓመቱ አለቀ፣ ክረምት ላይ የደሴ ዝውውሬ ተፈቀደልኝ። አሁን ልጆች እጃቸውን ሲያወጡ ጠመኔዬን አስቀምጬ እሰማቸዋለሁ። እሷን ግን ይህ ምንም አይጠቅማትም።