ያለ ምስክር መቀስ የማያነሣው ሰው

ፍራሽ አዳሽ ነበር። ያረጀውን ፍራሽ ይተረትራል፣ የተጓጎለውን ጥጥ አውጥቶ ይባዝታል፣ ፀሐይ ያስመታውና መልሶ ይሰፋዋል። ሰፈሩ ግን በአመሉ “ባለምስክሩ” ይለው ነበር፤ የፍራሹ ባለቤት አጠገቡ ካልተቀመጠ መቀስ አያነሣማ።

እኔ ይህን አመሉን አልወደድኩለትም። ንጹሕ ሰው እዩኝ እዩኝ ምን ያስብለዋል እል ነበር። እናታችን ካረፈች ወዲህ ታናሽ እህቴን ያሳደግኋት እኔ ነኝ። እሷ ክሊኒክ ውስጥ ካርድ ክፍል ትሠራለች። ሰውየው የክሊኒኩን ፍራሾች ሊያድስ ገብቶ እሷን አይቶ ወጣ። ወር ሳይሞላ ቤተ ክርስቲያናችን መጥቶ ከኋላችን ተቀመጠ።

“ለጌታ ነው የመጣው ወይስ ላንቺ?” አልኳት።

“ጌታ ሰውን በምን እንደሚጠራ አንቺ ታውቂያለሽ?” አለችኝ እየሳቀች።

ሊያገባት ፈለገ። እሷ ደግሞ እኔ ካልፈቀድኩ እንደማታገባው ነገረችው። እንግዲህ ነገሩ ሁሉ በእኔ አንድ ቃል ላይ ወደቀ። ሲጸልይ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ምን ይደብቃል? ካልሲው ሁልጊዜ ንጹሕ ነው፤ ማን ያጥብለታል? እንዲህ ነበርኩ።

በመጨረሻ የፍራሼን ጎን አንድ ክንድ ያህል ተርትሬ፣ የእናቴን የወርቅ ቀለበት ጥጡ ውስጥ ሸጉጬ መልሼ ሰፋሁት። በማግስቱ ፍራሹን አድስልኝ ብዬ አስጠራሁት።

“እትዬ፣ እዚህ ይቀመጡልኝ” አለ በርጩማውን እየሳበ።

“እሳት ላይ የጣድኩት አለ። አንተ ጀምር።”

“ያለ ምስክር አልጀምርም።”

“እግዚአብሔር ያይህ የለም እንዴ? እሱ አይበቃህም?”

“እሱማ ያያል። ግን ፖሊስ ጣቢያ መጥቶ አይመሰክርልኝም።”

ሳቀና ነገረኝ። በወጣትነቱ፣ ካደሰው ፍራሽ ውስጥ የአንዲት ባለትዳር ሐብል ጠፋ ተብሎ አርባ ቀን ታስሯል። ሐብሉ በኋላ በባልየው ኮት ኪስ ተገኘ። ያኔ ልቤ ቢራራ ምን ነበረበት! እኔ ግን፣ “ለካ ታስሮም ያውቃል” አልኩ በሆዴ።

ወጥ ቤት ገብቼ በበሩ ስንጥቅ ማየት ጀመርኩ። ብዙ ጠበቀኝ። ኋላ፣ የእሷ እህት ናት ብሎ ይሆናል፣ ያለ ምስክር መቀሱን አነሣ፣ ትንሽ ተረተረና እጁ ቆመ። ቀለበቱን እንኳ ገና አላየም፤ የሚያየው ክሩን ነበር። ጥጡን ዳበሰና ጠራኝ።

“እትዬ፣ ይሄ ሁሉ ስፌት በዕድሜ ብዛት ቢጫ ሆኗል። ይቺ አንድ ክንድ ግን ነጭ ናት፤ የትናንት ናት።” ቀለበቱን መዳፌ ላይ አኖረው። “ለእህትዎ አልነግራትም። አሁን ቁርጡን ይንገሩኝ፤ ፈቅደዋል ወይስ አልፈቀዱም?”

“ፈቅጃለሁ” አልኩ። አምኜው አይደለም፤ ፈርቼው ነው።

ተጋቡ። ሠላሳ አንድ ዓመት አብረው ኖሩ። ገበታ ላይ ሲስቅ፣ “አሁን ጉዴን ሊያወጣው ነው” እላለሁ። ነጠላ ጫማ ገዝቶ ሲያመጣልኝ፣ “በደግነቱ ሊያሳፍረኝ ነው” እላለሁ። ታምሜ ሁለት ሳምንት ስተኛ ውሃ እያሞቀ እግሬን ሲያጥበኝ እንኳ ፊት ፊቱን አየው ነበር። በየጠዋቱ ወደ ፈተና እንዳልገባ እለምናለሁ፤ ለሰው ግን ፈተናውን በገዛ እጄ ሰፍቼ አቀረብኩ። ስለ ይቅርታ ስንት ስብከት ሰምቻለሁ! የእግዚአብሔርንም ይቅርታ እንዲሁ ነበር የተቀበልኩት፤ አንድ ዓይኔን ከፍቼ።

ባለፈው ዓመት አረፈ። ከእህቴ ጋር ልብሱን ስናጣጥፍ፣ “ስለ እኔ የነገረሽ ነገር አለ?” አልኳት።

“ምኑን?”

የምትደብቀኝ መስሎኝ ዓይን ዓይኗን አየኋት። አልደበቀችም። ዝም ብል ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር። ነገርኳት።

ሸሚዙን አስቀመጠችው። “ሰውየው እኮ” አለች፣ “ካንቺ ቤት በተመለስን ቁጥር፣ ‘እትዬ ለምንድን ነው የሚሸሹኝ? ምን በድያቸው ይሆን?’ እያለ ይጨነቅ ነበር።”

ረስቶታል። እኔ በየቀኑ ስጠብቀው የኖርኩትን ነገር እሱ ረስቶታል።

እህቴ ሦስት እሑድ ከእኔ ርቃ ተቀመጠች። በአራተኛው መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና የመዝሙሩን መጽሐፍ ወደ እኔ አስጠጋችልኝ። ለምን እንደመጣች አልጠየቅኳትም።